የሠራተኛውን እጅ ለልጆቻችን ስለ ማሳወቅ

በአያሌ ቤቶቻችን ውስጥ ሕፃን ልጅ አልበላም ወይም አልተኛም ብሎ ባስቸገረ ጊዜ ከወላጆች አፍ ፈጥኖ የሚወጣ አንድ የተለመደ ዛቻ አለ። «አርፈህ ካልተቀመጥህ ፖሊስ ይወስድሃል» ይባላል። ፖሊሱ ያልበቃ እንደ ሆነ ሐኪሙ ከነመርፌው ይጠራል፤ ሐኪሙም ያልበቃ እንደ ሆነ፥ አሮጌ ዕቃ ለመግዛት በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ቁራሌው ጆንያውን ይዞ እንደሚመጣ ይነገራል። ልጁም ዝም ይላል፤ ወላጆችም ለዚያች ሌሊት ዕረፍት ያገኛሉ።

ነገር ግን እነዚህ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? አንደኛው ልጃችን በጠፋ ጊዜ ፈልጎ የሚያመጣልን ነው፤ ሁለተኛው በታመመ ጊዜ የሚያክምልን ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዞሮ በላቡ የሚያድር፥ በማንም ልጅ ላይ ክፉ ያላሰበ ድኻ ነው። በጥምቀት በዓል በጃን ሜዳ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ የአራት ዓመት ልጅ የእናቱን ቀሚስ ለቅጽበት ቢለቅ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አይጠፋውም። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ሊረዳው የሚቀርበው የደንብ ልብስ የለበሰው ሰው ነው። «ይወስድሃል» እየተባለ ያደገ ሕፃን ግን ያንን ልብስ ባየ ጊዜ ወደ እርሱ መጠጋት ቀርቶ ይሸሻል፤ በሰዎች እግር መካከልም ገብቶ ይሸሸጋል። ለአንዲት ምሽት ጸጥታ ሲባል የተነገረችው ቃል በዚያን ቀን ዋጋዋን ታስከፍላለች።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልናቀርበው የፈለግነው ጉዳይ፥ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ሕዝብን በልዩ ልዩ ሥራ የሚያገለግሉትን ሰዎች በምን ዐይነት መንገድ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል የሚለው ነው። ጉዳዩ የመምህራን ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከላይ እንዳየነው ሕፃኑ ስለ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀበለው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በመኝታው አጠገብ ነው።

በአገራችን ሕፃናት ወደ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው አስቀድሞ የሚማሩበት ሥርዓት ከቀድሞው ይልቅ እየሰፋ ሄዷል። በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» የተባለው ክፍል ተከፍቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛው ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ወስኗል። በእነዚህ ክፍሎችም ሆነ በግል አጸደ ሕፃናት ስለ ሐኪም፥ ስለ ፖሊስ፥ ስለ ገበሬ፥ ስለ አስተማሪ የሚሰጥ ትምህርት አለ። መኖሩ መልካም ነው፤ የምንነቅፈው አሰጣጡን ነው።

ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ነው። መምህርቷ በእንጨት እየጠቈሙ «ይህ ማን ነው?» ይላሉ፤ ሕፃናቱም በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚመልሱት በባዕድ ቋንቋ ነው። ሥዕሉ በሌላ አገር የታተመ በመሆኑ ፖስተኛው ሰማያዊ ልብስ ለብሶ ደብዳቤ በየደጃፉ ሲያድል ይታያል። የእኛ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ፖስተኛ አይቶ አያውቅም፤ በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቍጥር ስለሆነ፥ ባለ ደብዳቤው ራሱ ቍልፉን ይዞ ሄዶ ሣጥኑን ይከፍታል። ስለዚህ ልጁ ያወቀው ሥዕሉን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። በሌላ በኩል ግን ደጃፉን አንኳኩተው የቤቱን ቆሻሻ የሚወስዱትን ሴቶች፥ በር የሚጠብቁትን ሽማግሌ፥ ጤፉን የሚፈጩለትን ባለ ወፍጮ በዚያ ሥዕል ላይ ፈልጎ አያገኛቸውም።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም። በገጠር ያደገ ልጅ በአምስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፤ አባቱ ሞፈር ሲጠርብ መጥረቢያውን ያቀብላል፤ እናቱ ስትፈትል ባዘቶውን ይዞ በአጠገቧ ይቀመጣል፤ ቀጥቃጩ ማረሻ ሲያበጅ ወናፉን ለመንፋት ከእኩዮቹ ጋር ይሻማል። ፊደል እንዲቈጥር ወደ የኔታ የተላከውም ልጅ ቢሆን 231ዱን ፊደላት ለይቶ፥ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፥ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ከትምህርቱ አልተለዩበትም። የሚበላውን እንጀራ ማን እንደ ዘራው፥ ማን እንደ ፈጨው፥ ምጣዱንም ማን እንደ ሠራው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ያ ልጅነት ድካምና ችግር የበዛበት ስለ ነበረ ይመለስልን አንልም። የዛሬው የከተማ ልጅ ግን እንጀራን የሚያውቀው ከሱቅ በፌስታል ተቋጥሮ ሲመጣ ነው። ሕፃናትን ወደ ሠራተኛው ዘንድ መውሰድ የሚያስፈልገው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ነገሩ በሌላም አገር ተፈትኗል። ካሮላይን ፕራት የተባሉት አሜሪካዊት መምህርት፥ አስቀድሞ የእንጨት ሥራ ያስተምሩ የነበሩ ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1914 በኒው ዮርክ ከተማ ግሪንች ቪሌጅ በተባለው ሰፈር ለጥቂት ሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕፃናቱን ወደ ወንዙ ወደብ ወስደው መርከቦቹን ያሳዩአቸው ነበር፤ ሲመለሱም እርሳቸው ራሳቸው ባዘጋጁላቸው፥ መጠናቸው በተመጣጠነ የእንጨት ጡቦች ያዩትን ወደብ መልሰው እንዲሠሩት ይተዉአቸው ነበር። መርከቢቱ ከወደቡ ጋር በምን እንደምትያዝ ያላስተዋለ ልጅ በጡቡ መሥራት ሲጀምር ይቸገራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ እንግዲህ ያንኑ ለይቶ ይመለከታል። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ የትምህርት ቤቱን ፖስታ ቤት፥ ሱቅና ማተሚያ ራሳቸው ያካሂዱ ነበር። እኛ ከወይዘሪት ፕራት የምንማረው ይህን ነው፤ ልጁ አይቶ የተመለሰውን በእጁ መልሶ ካልሠራው ጉብኝቱ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

በእኛ ከተሞች ይህ እንዴት ሊደረግ እንደሚቻል ከእሳት አደጋ ሠራተኞች እንጀምር። ሕፃናት ቀዩን መኪናና የሚጮኸውን ደወል ይወዳሉ፤ ሲሄዱም የሚያልሙት ይህን ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን መኪናው አይደለም። እሳት በተነሣበት ቤት የቀረ ሕፃን፥ ሠራተኛው ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ፥ የአየር ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ፥ ትንፋሹ ከሩቅ እየተሰማ በጢስ ውስጥ ሲመጣ ባየው ጊዜ አውሬ ይመስለዋል፤ ሊያድነው ከመጣው ሰው ሸሽቶም ከአልጋ ሥር ይገባል። ስለዚህ ሕፃናትን ማስተማር የለመዱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ልብሳቸውን በልጆቹ ፊት አንድ በአንድ ይለብሳሉ፤ አስቀድሞ ጫማውን፥ ቀጥሎ ካፖርቱን፥ ቀጥሎ የራስ ቍሩን፥ በመጨረሻም ጭንብሉን። በየመካከሉም «አሁንም እኔው ነኝ» እያሉ ድምፃቸውን ያሰማሉ። ሕፃናቱም ቀርበው ጓንቱን ይነካሉ፤ በጭንብሉ መስተዋት ውስጥ የሚታዩትን ዐይኖች ይመለከታሉ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ነገር ግን አንድ ቀን የልጅ ሕይወት የሚድንበት ሩብ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ከሰል በሚነድበት፥ ጧፍ በሚበራበት፥ የጋዝ ምድጃ በሚለኰስበት ቤት የሚያድግ ልጅ ልብሱ በእሳት ቢያያዝ መሮጥ እንደማይገባው፥ ሩጫ ነበልባሉን እንደሚያባብሰው፥ ስለዚህ ወዲያው በመሬት ላይ ተኝቶ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ መንከባለል እንዳለበት በዚያው ቀን ሊለማመደው ይገባል። ይህን በቃል መንገር አይበቃም፤ በሣሩ ላይ ይንከባለሉ። ሕፃናት ለዚህ ሥራ ማንም አያክላቸውም። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መጥሪያ ቍጥር 939 መሆኑንም ከመዝሙር በቀለለ ጊዜ በቃላቸው ይይዙታል።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ዘንድ ሲኬድ ደግሞ የልጁ ትምህርት የሚጀምረው ከቤት ነው። ጠፍቶ የተገኘ ሕፃን በመጀመሪያ የሚጠየቀው «የእናትህ ስም ማን ነው?» ተብሎ ነው። በብዙ ቤት ሕፃኑ የሚመልሰው «እማዬ» ብሎ ነው፤ ሌላ ስም እንዳላት አልተነገረውምና። ስለዚህ ከጉብኝቱ አስቀድሞ ልጁ የራሱን ስም ከነአባቱ፥ የእናቱን ስም፥ የሰፈሩን መጠሪያና የወላጆቹን የስልክ ቍጥር ያጥና፤ በጉብኝቱም ቀን በፖሊሱ ፊት ቆሞ ይናገር። ፖሊሱም በመዝገብ ላይ ሲጽፈው ይመልከት። አንዲት ሕፃን ስሟ በትልቁ መዝገብ ላይ ሲጻፍ አይታ፥ ወደ ቤቷ ተመልሳ ለሦስት ቀን ሙሉ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ስም ስትመዘግብ እንደ ሰነበተች ሰምተናል። የፖሊስ መጥሪያ 991፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 መሆኑንም በዚያው አጋጣሚ መንገር ይቻላል።

ሐኪም ቤት መወሰድ ያለበት ልጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው። ሕመምና ትኵሳት ባለበት ቀን ማንም አይማርም። የልብ ማዳመጫውን በጆሮው ላይ አድርጎ የራሱን ልብ ምት የሰማ ልጅ ስለ ሐኪም ያለው ሐሳብ ፈጽሞ ይለወጣል። በአያሌ የአውሮፓ ከተሞች የሕክምና ተማሪዎች ሕፃናትን ከነአሻንጉሊቶቻቸው እየጠሩ፥ የታመመውን አሻንጉሊት በልጁ ፊት ይመረምራሉ፥ እጁን በፋሻ ይጠቀልላሉ፥ መርፌም ይወጋሉ፤ ልጁም የበሽተኛው አባት ወይም እናት ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት ይበቃል። በገጠር ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው እየተመደቡ የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሕፃናቱ የቅርብ ሐኪሞች ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ጨዋታ እነርሱ በደስታ ሊያደርጉት ይችላሉ። በነገራችን ላይ «መርፌ አያምም» ብሎ ለልጅ መዋሸት አይገባም። ያማል፤ ቶሎ ግን ያልፋል። እውነቱ የተነገረው ልጅ በሁለተኛው ጊዜ ያምነናል።

ስለ ፖስታ ቤት ብዙ አንጽፍም። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በዛሬው ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመውን ይህን መሥሪያ ቤት ሕፃናት ቢያዩት ደስ ይላቸዋል። ሥዕል ሥለው፥ በፖስታ አሽገው፥ ቴምብሩን በምላሳቸው አርሰው ለጥፈው፥ ማኅተሙ ሲመታበት አይተው ከሣጥኑ የከተቱት ወረቀት በሌላ ከተማ ለምትኖር አያታቸው መድረሱን በስልክ ሲሰሙ፥ ያ ወረቀት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ማሰብ ይጀምራሉ። ለቤተ ሰብ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ወፍጮ ቤት ነው። እህል ሲመዘን፥ ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ሲወርድ፥ ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሲታይ ለልጅ ትልቅ ትርኢት ነው፤ ልጁን ከቀበቶው ማራቅ ግን ግዴታ ነው። ቤት ሲደርሱ በድንጋይ ወፍጮ ላይ አንድ እፍኝ ገብስ በመጅ ይሞክር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጁ ሲዝል፥ አያቶቹ ለአንድ ቀን እንጀራ ምን ያህል ይደክሙ እንደ ነበር ያለ ስብከት ይገባዋል።

እስከ አሁን የጠቀስናቸው ሠራተኞች ማንም የሚያከብራቸው ናቸው። ትምህርቱ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወይዘሮ የሚከተለውን አጫውተውናል። መምህርቷ «አባታችሁ ምን ይሠራሉ?» ብለው ሕፃናቱን በየተራ በጠየቁ ጊዜ፥ አንዱ ሾፌር፥ አንዱ ነጋዴ፥ አንዲቱም መሐንዲስ እያሉ ሲመልሱ፥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ «አላውቅም» ብሎ አቀረቀረ። አባቱ በሽሮ ሜዳ ሸማኔ መሆናቸውን መምህርቷ ያውቁ ነበር፤ ልጁም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከሰፈር ልጆች የሰማው አንድ ቃል ስለ ነበረ በጓደኞቹ ፊት ሊናገረው አልደፈረም። ቃሉን እዚህ አንጽፈውም፤ አንባብያን አያጡትም።

መምህርቷ ልጁን ምንም ሳይናገሩት ከአባቱ ጋር ተማከሩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም አሥራ ሁለት ሕፃናት አስከትለው ወደ ሸማኔው ቤት ሄዱ። ሸማኔው ከጉድጓዳቸው አፋፍ ተቀምጠው፥ በእግራቸው መርገጫውን እየረገጡ፥ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሳልፉ ሕፃናቱ ድምፅ ሳያሰሙ ተመለከቱ። አንዲት ሕፃን «ጋሼ፥ እግርዎ ለምን ጉድጓድ ውስጥ ገባ?» ብላ ጠየቀች። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እግሬም ሥራ አለው የኔ ልጅ፤ እጄ ማጉን ሲወረውር እግሬ በድሩ መካከል በር ይከፍትለታል» አሏት። ከዚያም የለበሰችውን ነጠላ ጥለት ገልብጠው፥ ክሩ የት ገብቶ የት እንደ ወጣ አሳዩአት። ክር የማጠንጠኑን ሥራ ሕፃናቱ ሲሞክሩት ግን ላንዱ ተበጠሰበት፥ ላንዱ ተቋጠረበት፥ ላንዱም በጣቱ ዙሪያ ተጠመጠመበት። የሸማኔው ልጅ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሲሠራው የኖረ ነውና ተነሥቶ የጓደኞቹን ጣት እየያዘ ያሳያቸው ጀመር። በማግስቱ በክፍሉ ውስጥ በአሮጌ የሥዕል ክፈፍ ላይ ክር ተወጥሮ ሁሉም ተራ እየጠበቁ መሸመን ሲጀምሩ፥ የሚጠየቀው አዋቂ እርሱ ነበር።

ከጉብኝቱ በኋላ ግን አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ቅሬታ አሰሙ። «የምከፍለው ልጄ ባንክና አውሮፕላን ማረፊያ እንድታይ ነው እንጂ የሸማኔ ጉድጓድ እንድታይ አይደለም» አሉ። መምህርቷ ምን እንደ መለሱላቸው ጠየቅናቸው። «የለበሱትን የሐበሻ ቀሚስ የት እንዳሠሩት ብቻ ጠየቅኋቸው» አሉን። እናቲቱ አልተረቱም፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ልጃቸውን ከቤት አስቀሩ።

ይህ ዐይነቱ ንቀት የዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው፥ ስድቡ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ እንደ ተሰነዘረ እንደሚቈጠርና በእስራት እንደሚያስቀጣ አስታውቀዋል። በዐዋጅ መከልከል ካስፈለገ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። በብዙ አውራጃዎች ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ርስት እንዳይኖራቸው ተደርገው፥ «ቡዳ» እየተባሉ ከሰው ተለይተው ኖረዋል፤ ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻም ምጣድም ባይኖረውም። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ገና የአምስት ዓመት ልጅ ጆሮ ይደርሳል። ከሕግ ይልቅ ፈጥኖ የሚሠራው እናትና አባት በማዕድ ላይ የሚናገሩት ቃል ነውና።

የክርስቲያን ቤት ለዚህ ንቀት የሚያቀርበው ምክንያት ሊኖረው አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበረ፤ ጻድቁ ዮሴፍም አናጢ ነበረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ከበሮው በማን እንደ ተለጐመ፥ ጧፉን ማን እንደሚሠራው፥ ሌሊት ተነሥቶ ደወሉን የሚደውለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅና ሰውየውንም ሄዶ ማሳየት ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው። አቡነ ዘበሰማያት የደገመው ልጅ ዕጣን የሚያጨስበትን ጽና የሠራውን አንጥረኛ ቢያውቅ ምን ይጐድልበታል?

ከዚህም ሁሉ የሚረሱት ቆሻሻ አንሺዎቹ ናቸው። ደጃፉ ሲንኳኳ በቤት ውስጥ የሚሰማው «ቆሻሻ መጣ!» የሚል ነው። ቆሻሻው ግን ከእኛ ቤት ነው የሚወጣው፤ የመጡት ሰዎች ናቸው። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ በየቤታችን ያወጣነው ነገር የት እንደሚሄድና በዚያ ማን እንደሚኖር ብዙዎች ያሰቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ለሕፃን ይህን ታሪክ መንገር አያስፈልግም። የሰባራ ጠርሙስ ስባሪ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለብቻው ማስቀመጥን፥ ያም የሚደረገው የወይዘሮዋ እጅ እንዳይቈረጥ መሆኑን ማስተማር ግን ይበቃል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል፤ ሲያደርገውም በኩራት ነው።

ወላጆች ትምህርት ቤቱ ጉብኝት እስኪያዘጋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በቋንቋችን አክብሮት የሚታወቀው በአንቱታ ነውና ከዚያ ይጀምሩ። ልጁ አባቱ የስድሳ ዓመቱን ዘበኛ «አንተ፥ በሩን ክፈት» ሲሉ ከሰማ፥ መቶ ጉብኝት ያንን አይሽረውም። ሽማግሌውን በስማቸው ጠርቶ፥ «ጋሼ» ወይም «አባባ» ብሎ፥ «እንዴት አደሩ?» ማለት የሰማ ልጅ ግን ሳይታዘዝ እንዲሁ ይላል።

ጉብኝት ለሚያዘጋጁ መምህራን ደግሞ ጥቂት እንጨምራለን። ከአሥራ ሁለት ልጆች በላይ ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ለአራት ልጅ አንድ ዐዋቂ ያስፈልጋል። ሠራተኛው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ንግግር እንዲያደርግ ሳይሆን እጁ የሚሠራውን እንዲያሳይና አንድ ነገር ልጆቹ እንዲሞክሩት እንዲፈቅድ ይለመን። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሕፃናቱም ከመሄዳቸው በፊት ጥያቄ ይያዙ፤ «ማን አስተማረዎት?» እና «ምን ያደክምዎታል?» የሚሉት ሁለቱ ማንንም ያናግራሉ። የሠራተኛው ጊዜ ገንዘቡ ነውና፥ የተሠራ ነገር መግዛት ወይም የቀረበትን ሥራ ማካካስ ከትምህርት ቤቱ ይጠበቃል፤ በነጻ ቆሞ እንዲያስተምር መጠየቅ ራሱ ንቀት ነው።

ያቺው መምህርት በቀጣዩ ወር ሕፃናቱን የወሰዱት ወደ ቀጨኔ፥ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ነበር። አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ እፍኝ ጭቃ ሰጥተው፥ በአውራ ጣት እየተጫኑ ሲኒ መሥራትን አሳዩአቸው፤ ጀበና ካልሠራሁ ብሎ ላስቸገራቸው ልጅም «እኔ ጀበና የሠራሁት ባሥር ዓመቴ ነው፤ አንተ ገና ነህ» አሉት። ሲኒዎቹ ደርቀው ከእርሳቸው ድስቶች ጋር በአንድ ላይ በእንጨትና በቅጠል ተተኰሱ። በሳምንቱ ሕፃናቱ ሊወስዱ ሲመጡ ከአሥራ አንዱ ሲኒዎች አራቱ ተሰንጥቀው ተገኙ፤ የተሰነጠቀባቸውም ማልቀስ ጀመሩ። አሮጊቷ ከጓሯቸው የራሳቸውን የተሰነጠቁ ድስቶች ክምር አሳዩአቸው፤ ከዚያም ለአራቱ ልጆች አዲስ ጭቃ አቡክተው ሰጧቸው።